ለአጋዘን አደን ጥይት ስትገዙ

ሚኒሶታ ውስጥ የጠመንጃ አደን ወቅት የሚከፈተው ጥቅምት ሲገባደድ ነው። ጥይት ልትገዙ የምትሄዱ ወገኖች፣ ርካሹን የወታደር ጥይት አታንሱ። አረሩ (ሲተኮስ ከአፈሙዝ የሚወጣው የጥይቱ ክፍል) ዙሪያውን በመዳብ ስለተሸፈነ ገላ ውስጥ አይከፈትም፤ እንደ ወስፌ በስቶ ያልፋል። አጋዘኑ ብዙ ሳይደማ ጫካ ይገባል፤ የደም ዱካ ስለሌለው ሳታገኙት ሲሰቃይ አድሮ ይሞታል። የግዛቱ ሕግም የሚፈቅደው ጫፉ ለስላሳ የሆነ ወይም የሚከፈት አረር ብቻ ነው። በጊዜያዊ ቪዛ ያላችሁ ደግሞ መጀመሪያ የአደን ፈቃድ አውጡ፤ ያለዚያ ጥይት መያዝ ራሱ በፌዴራል ሕግ ያስከስሳል።

ካርቶኑ ላይ የአረሩ ክብደት በግሬን ተጽፏል፤ 150 ግሬን 9.7 ግራም ገደማ ነው። ጠመንጃችሁ የሚወስደው የጥይት ዓይነት .308 ዊንቸስተር ከሆነ ከ150 እስከ 165፣ ለ.270 ደግሞ 130፣ ለ.243 ከ95 እስከ 100 ግሬን ይበቃል። በ.243 55 ግሬን የሚል ካያችሁ ተውት፤ ለትንንሽ አውሬ የተሠራ ስለሆነ ወርቹ ላይ ተበትኖ ሳንባ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል።

ለእኛ ቤት ግን ትልቁ ጉዳይ አረሩ ከምን እንደተሠራ ነው። የተለመደው አረር ውስጡ እርሳስ ነው፤ ሲመታ ይበጣጠስና በዓይን የማይታይ ፍርፋሪ ሥጋው ውስጥ ይበተናል። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 በበጎች በድን ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ቶሎ የሚከፈተው አረር ፍርፋሪ ከቁስሉ በአማካይ እስከ 11 ኢንች ርቆ ተገኝቷል። ማጠብ እርሳሱን ወደ ሌላው ሥጋ ያሰራጨዋል፤ ማብሰልም አያጠፋውም። ለክትፎ ተብሎ የደቀቀ ሥጋ ውስጥ ማን ለይቶ ያወጣዋል? (የዱር ሥጋ ለነገሩ ጥሬውን አይበላም፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባል በሽታ አምጪ ጥገኛ ተሕዋስ አለ።) ሕፃንና ነፍሰ ጡር ያለበት ቤት ሽፋኑ ብቻ ሳይሆን ውስጡም መዳብ የሆነ፣ ሲመታ የሚከፈት አረር ይግዛ። ካሊፎርኒያ ከእ.ኤ.አ. 2019 አጋማሽ ወዲህ ለአደን እርሳስ ጨርሶ ከልክላለች።

መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል እኩል የሚመዝነው አረር ይረዝማል፤ ፍጥነቱ ሲቀንስም በደንብ አይከፈትም። ስለዚህ በ.308 ከ150 ወደ 130 ግሬን ውረዱ። ዋጋው ይወደዳል።

የጥይት ዓይነት በለወጣችሁ ቁጥር ማነጣጠሪያ መነጽሩን እንደገና አስተካክሉ። በ100 ያርድ ሦስት ተኩሱ፤ ቀዳዳዎቹ 2 ኢንች ውስጥ ካልተሰበሰቡ አፈሙዙ እስኪቀዘቅዝ ጠብቃችሁ ድገሙት። አሁንም ከተበተኑ ሌላ ዓይነት ሞክሩ፤ ጠመንጃ ጥይት ይመርጣል።