ለመንፈቁ በሬ ይታረድ ወይስ ኮርማ ይገዛ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከአዲስ አበባ ነው። ትውልዴ ግን ምዕራብ ጎጃም፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ካለች ትንሽ ከተማ ነው። አባቴ ታኅሣሥ 24 ቀን አረፈ። ዕድሜውን ሙሉ ከብት ሲያረባ የኖረ ሰው ነው። ጥሩ ኮርማ ከግቢው ጠፍቶ አያውቅም፤ የከተማውም የገጠሩም ሰው ላሙን እየጎተተ እኛ ቤት ያመጣል፣ አባቴ ግን ለዚህ ብሎ ሳንቲም ሲቀበል አላየሁም። እመጫት ያለችበት ቤት ሁሉ ወተት ይልካል። እኛ ልጆቹ ትምህርት ቤት ከመሄዳችን በፊት ጮጮ ይዘን ሦስት አራት ቤት ማዳረስ ግዴታችን ነበር። የከብት ሐኪም ሊከትብ ሲመጣም በየቤቱ ዞሮ ሰዉን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። የእድር ዳኛም ነበር።

አርባው በደንብ ወጣለት። አሁን መንፈቁ ሰኔ ላይ ሊደርስ ነው፣ ወንድሞቼ ሁለት በሬ አርደን አገር እንጥራ ይላሉ። እናቴ ዝም ብላለች። እኔ ገንዘቡ ለሌላ ነገር ቢውል ደስ ይለኛል፣ ግን ስናገር "ከተሜ ሆነሽ ሥርዓት ረሳሽ" እባላለሁ። የሕይወት ታሪኩን የመጻፉ ሥራም ለእኔ ነው የተሰጠኝ። ቁጭ ስል ግን "ከብት አረባ፣ ሞተ" ከማለት ሌላ የምጽፈው አጣሁ። በርቢ (ያዡ እያረባ ጥጃውን ሊካፈሉ) ለሰው የሰጣቸው ላሞችም አሉ፣ ሁሉም በቃል ነው፤ ወንድሞቼ እነሱንም ሰብስበን እንካፈል ብለዋል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህታችን፣ ነፍስ ይማር። እናንተንም ያጽናችሁ።

ከቀላሉ ልጀምር። መንፈቁ የሚውለው ሰኔ 24 ነው፣ የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ደግሞ ሐምሌ 5። ስለዚህ ጾም ነው። "እሱ የቄስ ጾም ነው" የሚል ወንድም እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እሺ፣ ቄሶቹን ጠርቶ ሥጋ ሊያቀርብላቸው ነው? ሙት ዓመቱም ቢሆን የገና ጾም ውስጥ ነው የሚወድቀው። አባትሽ በስማቸው በሬ እንዳይታረድ አስበውበት ያረፉ ነው የሚመስለው። ቤተ ክርስቲያን ለሞተ ሰው የምትለው ጸሎተ ፍትሐት፣ ቅዳሴ፣ ምጽዋት ነው። ካህናቱንና ነዳያንን በሽሮና በጠላ ብታበሉ ሥርዓት አልጎደለም፣ ይህን አንቺ ከምትናገሪው የአባትሽ የንስሐ አባት ለወንድሞችሽ ቢነግሯቸው ይሻላል።

ደግሞ ሰኔ በጎጃም ምን እንደሆነ ወንድሞችሽ ከእኔም ከአንቺም በላይ ያውቁታል። ጎተራው ሳስቶ፣ እርሻው ተጣድፎ፣ አንድ በሬ ያለው ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ተቀናጅቶ የሚያርስበት ወር ነው። በዚያ ወር ጥማድ በሬ ማረድ፣ ያውም ለአርቢ ሰው መታሰቢያ፣ እኔ አይገባኝም።

"እናቴ ዝም ብላለች" ያልሽው ግን ከሁሉም በላይ አሳስቦኛል። በትዳር ውስጥ የተፈራ ሀብት የጋራ ነው። ከከብቱ ግማሹ የእናትሽ ነው፤ ውርስ የሚባለው የአባትሽ ድርሻ ብቻ ነው። ስለዚህ በረት ገብቶ "ይሄንና ይሄን እንረድ" ከማለት በፊት እሷን ቁጭ አድርጎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ኀዘንተኛ ዝም ስላለ ተስማማ ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ታሪኩ እንምጣ። "ከብት አረባ፣ ሞተ" አልሽ። በዚህ አልስማማም። እስቲ ስለ ኮርማው ብቻ እናስብ። በእኛ አገር ደህና ወይፈን ሲገኝ ምን ይደረጋል? ይቀጠቀጥና (ይኮላሽና) ለእርሻ ይጠመዳል፣ ወይም ተቀልቦ ለፋሲካ ይሸጣል። ላም ላይ የሚወጣው የተረፈው ነው፣ ገበያ ያላነሳው፣ ጥማድ ያልሆነው ኮሳሳ። እንዲህ እየሆነ ዝርያው ከዓመት ዓመት ይደክማል። ይህን የሚመክተው ጥሩ ወይፈኑን ሳይቀጠቅጥ የሚያቆይ ሰው ነው። ኮርማ አያርስም፣ አይታለብም፣ ይበላል፣ አጥር ይሰብራል፣ ከጎረቤት ጋር ያጣላል። አባትሽ ይህን ሁሉ ከኪሳቸው ችለው፣ የሰው ላም ሁሉ በነፃ እንዲጠቃ አድርገዋል። በዚያች ከተማ ዙሪያ ባሉት በረቶች ስንት ላም የእሳቸው ኮርማ ዘር ናት? ይህን ጠይቂና ጻፊው። የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል፣ ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ያለው፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በፎገራ ከብት ላይ የሚደክመው ለዚሁ ነው፤ ጥሩው ዘር እንዳይጠፋ። መንግሥት በባለሙያና በበጀት የሚሠራውን አባትሽ በግቢያቸው፣ በአቅማቸው ሠርተውታል።

ክትባቱም ቀላል ነገር አይደለም። ክፉ ቀን ሲባል ሰምተሻል። በ1880 ዓ.ም ገደማ በምጽዋ በኩል በገቡ ከብቶች የመጣው "ደስታ" የሚሉት በሽታ የአገሩን ከብት ጠራርጎ ፈጀው፤ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፣ እርሻ ሲቆም ሰው አለቀ። በሽታው ከዚያ በኋላም ከመቶ ዓመት በላይ እየተመላለሰ አስቸግሯል። የጠፋው በክትባት ነው። ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም ነፃ መሆኗ ተረጋገጠላት፣ በ2003 ዓ.ም ደግሞ ከዓለም ጠፋ ተባለ። በሰው ልጅ ጥረት ከምድር ከጠፉ በሽታዎች ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። ታዲያ ሐኪሙ መርፌውን ይዞ ቢመጣ ከብቱን ማን ነድቶ ያመጣለታል? ገበሬው "መርፌው ላሜን ያስወርዳታል" ብሎ ጫካ ሲደብቅ የሚያሳምነው የመንደሩ ሰው ነው፣ የራሱን ከብት አስቀድሞ የሚያስወጋ። አባትሽ በዚያ ዘመን የቀሰቀሱ ከሆነ ይህ ከታሪካቸው ሊቀር የማይገባ አንቀጽ ነው። በየወረዳው የነበሩ የጡረታ የከብት ሐኪሞች ያስታውሱ ይሆናል፣ ፈልጊያቸው።

አጻጻፉን በተመለከተ "እንግዳ ተቀባይ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ቤተሰቡን አፍቃሪ" የሚለውን ተዪው። ለሁሉም ሰው ይነበባል፣ ማንንም አይመስልም። ስልክሽን አውጪና ሰው ቅጂ። ከእረኛቸው ጀምሪ። እረኛ የማያውቀው የለም፤ የትኛዋን ላም በስም ይጠሯት እንደነበር፣ የወለደች ላም እንገር ለማን ለማን ይላክ እንደነበር፣ ሲናደዱ ምን ይሉ እንደነበር። ከዚያ ያኔ አራስ ሆና ወተት ይሄድላት የነበረችን አንዲት እናት ጠይቂ፤ በወተቱ ያደገው ልጅ ዛሬ ባለ ትዳር ሊሆን ይችላል፣ በመንፈቁ ቀን እሱ ራሱ ቆሞ ቢናገር ካንቺ ወረቀት ይበልጣል። ጥፋታቸውንም የሚናገር ካለ አትቁረጪው፣ ዳኛ ሆኖ ማንንም ያላስቀየመ ሰው የለም።

የገንዘቡን ነገር ከጠየቅሽኝ፣ እኔ ኮርማ ግዙ ባይ ነኝ። ለሁለት በሬ ሊወጣ ከነበረው በአንዱ ዋጋ ደህና የፎገራ ዘር ያለው ወይፈን ይገኛል። ለወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ አሳዩት፣ በተለይ ለውርጃ በሽታ ይመርመር፣ ምክንያቱም አንድ በሽተኛ ኮርማ የከተማዋን ላም ሁሉ ይበክላል። ያዡ አንድ ሰው ይሁን፣ መኖውን እድሩ ይቻል፣ በነፃ መሆኑም ይጻፍ። በሦስት ዓመት ገደማ ደግሞ መቀየር አለበት፣ ጊደሮቹ ደርሰው የገዛ ልጆቹን እንዳያጠቃ። ወንድሞችሽ "የአባታችን ኮርማ" ተብሎ ሲጠራ ከሰሙ በኋላ የበሬውን ነገር የሚያነሱ አይመስለኝም። የቀረው በሬ ይረስ።

የርቢ ላሞቹን ግን አትቸኩሉ። ውሉ በቃል ስለሆነ ዝርዝሩን የሚያውቁት አባትሽና ያዦቹ ብቻ ናቸው። ያዦቹን አንድ በአንድ ጠርታችሁ፣ ሁለት ሦስት ሽማግሌ አስቀምጣችሁ፣ ላሟ መቼ እንደተሰጠች፣ ስንት እንደወለደች፣ ጥጃው እንዴት ይካፈል እንደነበር በወረቀት አስፍሩና ተፈራረሙ። ጥገት የሆነች ላም ከልጆች አፍ ተነጥቃ አትምጣ፣ እስክትነጥፍ ትቆይላቸው። ክፍፍሉ የወራሽነት ማስረጃ ከወረዳ ፍርድ ቤት ከወጣና የእናትሽ ግማሽ ከተለየ በኋላ ይደርሳል፤ ላሞቹ እስከዚያ በያዦቹ እጅ ቢቆዩ የሚጎዳ የለም።