ቀለሟ ያበራል፤ ቪትዟን ልግዛት?

ጥያቄ፦ ልጆቼን ትምህርት ቤት የማመላልስባት አንዲት ያገለገለች ቪትዝ አግኝቼ ቀብድ ልከፍል ነው። ደላላው «ግጭት የላትም» ይለኛል፤ የዘንድሮ ቦሎም ተለጥፎባታል፤ ቀለሟም እንደ አዲስ ያበራል። ደኅንነቷን በምን ላረጋግጥ? (እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እህታችን፣ ቀብዱን ሳይከፍሉ መጠየቅዎ ደግ አድርገዋል። ቦሎ በምርመራው ቀን የነበረውን ሁኔታ እንጂ ከዚያ ወዲህ የደረሰውን አይናገርም፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ያ አዲስ ቀለም ነው። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በቀን ብርሃን በበሮቿና በጎኖቿ ላይ ያሳርፉ፤ ሌላው ቦታ አጥብቆ የያዘው ማግኔት አንድ ስፍራ ላይ ከተንሸራተተ፣ ከቀለሙ ሥር ወፍራም ስቱኮ (የተጎዳ ቆርቆሮ መሙያ) መኖሩን ያመለክታል። የሚያሰጋው ስቱኮው ራሱ ሳይሆን፣ በግጭት የታጠፈ ሻንሲ (የመኪናዋ አጽም) በብየዳ ተቃንቶ እንደሆነ ነው፤ ስለዚህ እርስዎ የመረጡት እንጂ ደላላው ያመጣው ያልሆነ መካኒክ መኪናዋን ከፍ አድርጎ ከሥር ይመልከታት።

ቁልፉን ሲከፍቱ የኤርባግ ምልክት ለጥቂት ሰከንዶች በርቶ መጥፋት አለበት፤ ጨርሶ የማይበራ ከሆነ ብልሽት ለመደበቅ አምፖሉ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። በጎማው ጎን የታተሙት አራት አኃዞች፣ ለምሳሌ 2317፣ ጎማው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 በ23ኛው ሳምንት መመረቱን ይነግራሉ፤ 10 ዓመት ያለፈውን ጎማ ጥርሱ ባያልቅም ይቀይሩት። በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሻንሲ ወይም የሞተር ቁጥር ከመኪናዋ ጋር ካልገጠመ ግን ሌላውን ምርመራ ይተዉት፤ ቀብዱንም አይክፈሉ።