የድሮ ደብዳቤ ላይ ስብከትና ምርጫ ለምን ተደባለቀ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ! የአሜሪካ ገበሬዎች እ.ኤ.አ በ1840ዎቹ ለዘመድ የጻፏቸውን ደብዳቤዎች እያነበብኩ ነው፣ ስለ ስብከት ይጀምሩና ሳላስበው ምርጫ ውስጥ ይገባሉ። ለምንድነው?

መልስ፦ እህቴ፣ በጣም ደስ የሚል ጥያቄ ነው። እነሱ ጋር እኮ ሁለቱ የተለያዩ አልነበሩም። ሜቶዲስቶቹን (የፕሮቴስታንት ቸርች ናቸው) ብቻ እዪ፣ እ.ኤ.አ በ1844 ኒውዮርክ ላይ ጉባኤ ተቀምጠው የጆርጂያው ጳጳስ ጄምስ አንድሩ ባሪያ እያላቸው በስራቸው ይቀጥሉ አይቀጥሉ ብለው ሲከራከሩ ሲከራከሩ ቸርቹ ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ለሁለት ተሰነጠቀ፣ በዓመቱ ደሞ ባፕቲስቶቹ (እነሱም ፕሮቴስታንት ናቸው) እንደዚሁ ተከፈሉ። ስለዚህ አንድ ገበሬ ለወንድሙ ቸርቻችን ከነእንትና ጋር ሆነ ብሎ ሲጽፍ ስለ ባርነት ምን እንደሚያስብም እየነገረው ሊሆን ይችላል፣ ባርነት ደሞ የምርጫም ክርክር ነበር።

ሌላው ወረቀቱ ነው። እስከ 1845 አጋማሽ ድረስ ከ400 ማይል በላይ ለሚሄድ አንድ ወረቀት ክፍያው 25 ሳንቲም ነበር፣ ሁለት ወረቀት ከሆነ እጥፍ፣ ብዙ ጊዜ ደሞ የሚከፍለው ተቀባዩ! ታዲያ ማን ወረቀት ያባክናል? እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን ብለው ይጀምሩና (ይሄ የኛም የድሮ ደብዳቤ ወግ ነው) የሞተው፣ የተወለደው፣ የስንዴው ዋጋ፣ ንስሐ የገባው ጎረቤት፣ የሚመርጡት ሰው፣ ሁሉም እዛችው ላይ ይታጨቃል፣ ቦታ ሲያልቅ ወረቀቱን አዙረው በተጻፈው ላይ አግድም ይጽፉበታል። እንደዛ አይነት ካጋጠመሽ የደብዳቤውን ፎቶ አዙሪና መጀመሪያ የአንዱን አቅጣጫ ብቻ ጨርሰሽ አንብቢ።