መልስ፦ በ32 ሳምንት የተወለደ ልጅ ሳንባና ኩላሊት

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ! በ32 ሳምንቱ፣ 1.6 ኪሎ ሆኖ የተወለደው ልጅሽ ኮዬ ፈጬ ቤቱ ከገባ ወዲህ «ሳንባውና ኩላሊቱ እንደ እኩዮቹ ይሆናሉ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል።

ሳንባው በአብዛኛው ይደርሳል። የአየር ከረጢቶቹ እንዳይጣበቁ የሚያደርገው ፈሳሽ የሚበቃው ከ34 ሳምንት ወዲያ ነው፤ ኦክስጅን ያስፈለገውም ለዚህ ነው። አዳዲስ ከረጢቶች ግን ከተወለደም በኋላ ለዓመታት ይፈጠራሉ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ብዙዎች የሚዘነጉት ኩላሊት ነው። ደም ከሚያጣሩት ጥቃቅን ክፍሎች ከግማሽ በላይ የሚፈጠሩት በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ነው። ቀድሞ ለተወለደ ልጅ የእነዚህ ክፍሎች መፈጠር ለጥቂት ሳምንታት ይቀጥልና ይቆማል፤ የጎደለው አይተካም። ስለዚህ እያደገ ሲሄድም የደም ግፊቱ ይለካ፤ እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፈጽሞ አትስጪው።

የዓይን ምርመራው በተወለደ በ4ኛው ሳምንት ገደማ ነው። መሃል ከተማ ድረስ መመላለሱ ቢያደክምም አይለፍሽ፤ በጊዜ ካልታየ ብርሃኑን ሊያጣ ይችላል።

ሰፈራችሁ ነፋሻ ነው። ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርገሽለት ደረትሽ ላይ ገላ ለገላ እቀፊው፣ ከላይ ጋቢ ደርቢ፤ ሲደክምሽ አባቱ ይተካሽ። ሲጠባ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ትንፋሹ ከተቆራረጠ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ሳትዘገዪ ሆስፒታል ውሰጂው።