ፎቶ ኮፒ ቤት ለመክፈት ለምታስቡ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር መቆም ሲሰለቻችሁ፣ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ገንዘብ አዋጥታችሁ፣ አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ገዝታችሁ፣ ከፍርድ ቤት፣ ከክፍለ ከተማ ወይም ከዩኒቨርሲቲ አጠገብ አነስተኛ የጽሕፈት አገልግሎት ለመክፈት የምታስቡ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ምክር ፍለጋ ወደ እኔ ጎራ የምትሉም አላችሁ። ዕድሜዬን በዚሁ ሙያ፣ መጀመሪያ በታይፒስትነት፣ ኋላም የራሴን ቤት ከፍቼ የኖርኩ በመሆኔ፣ ለየአንዳንዳችሁ በቃል የምለውን እዚህ ላይ ሰብሰብ አድርጌ መጻፍን መረጥኩ።

አብዛኞቻችሁ አስቀድማችሁ የምትጠይቁኝ የትኛው ማሽን እንደሚሻል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በልደታ ፍርድ ቤት አካባቢም ሆነ በስድስት ኪሎ ተደርድረው ያሉትን ቤቶች ብትመለከቱ፣ ሁሉም ተመሳሳይ ማሽን ይዘው በተቀራራቢ ዋጋ ነው የሚሠሩት። ጎረቤታችሁ ነገ ሊገዛው በሚችለው ዕቃ ደንበኛ ይዛችሁ አትቆዩም። አንድ ባለጉዳይ ሦስት ክፍት ቤቶችን አልፎ ወደ እናንተ የሚመጣው፣ ባለፈው ጊዜ የጻፋችሁለት ወረቀት መስኮት ላይ “ስህተት አለው፣ አስተካክለህ ና” ተብሎ ስላልተመለሰበት ነው። ስለዚህ የዚህ ሙያ ዋናው ችሎታ ማንበብ ነው እላለሁ፤ የምትተይቡትን፣ የምታባዙትንና የምትሞሉትን ወረቀት ትርጉሙ ገብቷችሁ ማንበብ።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የቀን ጉዳይ ነው። ልጃቸው ውጭ አገር ሆኖ ሊወስዳቸው ጉዳይ የጀመረላቸው እናት የልደት ማስረጃቸውን ይዘው መጡ እንበል። ማስረጃውን የሚተረጉመው ፈቃድ ያለው ተርጓሚ ቢሆንም፣ ቅጹን የምትሞሉላቸው እናንተ ናችሁ። ወረቀቱ ላይ መስከረም 1 ቀን 1952 ዓ.ም. የሚል አለ። በልማድ የሚሠራ ልጅ 8 ዓመት ይደምርና 1960 ብሎ ያልፋል። ትንሽ የሚጠነቀቀው ደግሞ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ያለው ልዩነት 7 ዓመት መሆኑን ያስታውስና ሴፕቴምበር 11 ቀን 1959 ብሎ ይሞላል። ይህም ትክክል አይደለም፤ በ1951 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች የ1952 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው። የአንዲት ቀን ልዩነት ምን ያመጣል ትሉ ይሆናል። ፓስፖርታቸው ላይ 12 ተብሎ ሰፍሮ ሳለ እናንተ 11 ብላችሁ ብትሞሉ፣ ኤምባሲው ቀርበው እንዲያስረዱ የሚጠይቀው እሳቸውን ነው፤ ወራት የሚጉላላውም የእሳቸው ጉዳይ ነው። በታኅሣሥ የመጨረሻ ሳምንታት የተወለደ ሰው ሲመጣ ደግሞ፣ ዓመቱ ራሱ የሚለወጥበት ወቅት ስለሆነ፣ ቀን መቁጠሪያ ሳትከፍቱ አንዲት ቁጥር አትጻፉ። ፓስፖርቱ ላይ የሰፈረው ቀን የተሳሳተ ሆኖ ብታገኙትም በራሳችሁ ሥልጣን አታስተካክሉ፤ ልዩነቱን ለባለጉዳዩ አሳዩ፣ ውሳኔው የእሳቸው ይሁን።

ስምም እንዲሁ ነው። ተስፋዬ የሚባል ሰው በትምህርት ማስረጃው ላይ ስሙ በላቲን ፊደል በ“ዋይ” እና በ“ኢ” ያልቃል፤ በባንክ ደብተሩ ላይ “ዋይ” የለችም፤ የልጁ የልደት ካርድ ላይ ደግሞ “ኤስ” ሁለት ሆናለች። የውጭ አገር ቅጽ የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ አንዱ ቤት የአባት ስም፣ ሌላው ቤት የአያት ስም ይሞላል። ባለጉዳዩ ገና ከመቀመጡ “ፓስፖርት ወይም ፋይዳ ይዘዋል?” ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉንም በዚያው ልክ ጻፉ። ይህቺ አንዲት ጥያቄ ስንት እንባ እንደምታስቀር የሚያውቀው ወረቀቱ የተመለሰበት ሰው ነው።

የሽያጭና የብድር ውል ስትጽፉ በአኃዝ የተጻፈውን ገንዘብ በፊደል ከተጻፈው ጋር አስተያዩ። አንዲት ዜሮ በስህተት ስትጨመር አኃዙ 450,000 ብሎ ፊደሉ “አርባ አምስት ሺህ” ይላል፤ በመሐከላቸው ጠብ የተነሣ ዕለት ሁለቱ ወገኖች የሚያስታውሱት የእናንተን ቤት ነው። ማንበብ የማይችሉ ሰው አቤቱታ ሲያጽፉ፣ አሻራቸውን ከማኖራቸው በፊት ረጋ ብላችሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቡላቸው። ወረፋው ቢረዝምም አንብቡላቸው። አብዛኛውን ጊዜ መሐል ላይ “የለም ልጄ፣ እንዲያ አላልኩም” የሚሉበት ቦታ አይጠፋም።

ፊደልን በተመለከተ አጭር ነገር ልጨምር። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒዩተሮች ሁሉ ፊደላትን በአንድ ዓይነት ኮድ የሚያውቁበት ሥርዓት ውስጥ) ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙ ዓመት ቢያልፍም፣ ዛሬም በድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ፋይል ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታያል። አዲስ ሥራ በዩኒኮድ ጻፉ፤ በኢሜይል የሚላከውን በፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩ። ግንቦትና ሰኔ ላይ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው ለሚንጋጉት ተማሪዎች ደግሞ ርዕሶቹን በሥርዓት ለይታችሁ ማውጫው ራሱ እንዲወጣ ማድረግን ተማሩ፤ መምህሩ አንድ ምዕራፍ ባስጨመረ ቁጥር የገጽ ቁጥር በእጅ ስታርሙ አታድሩም።

አሁን ብዙዎች የሚንቁትን ላንሣ። በዚህ ሥራ የሰው ምሥጢር በእጃችሁ ያልፋል፦ የፍቺ አቤቱታ፣ የሐኪም ማስረጃ፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ የደመወዝ ደብዳቤ። በየቤቱ የማየው አንድ ልማድ አለ፤ ማሽን ውስጥ ተጨማድዶ የወጣ የመታወቂያ ቅጂ ጀርባው ንጹሕ ነው ተብሎ የሂሳብ መደመሪያ ይሆናል፣ ሲብስም ወደ ሱቅ ሄዶ ስኳር ይጠቀለልበታል። ያ ወረቀት የሰውዬውን ፎቶ፣ ስም፣ አድራሻና ቁጥር የያዘ ነው። ቀዳድዳችሁ ጣሉት። ለባለጉዳዩ የጻፋችሁለትንም ፋይል ማቆየት ካለባችሁ ፈቃዱን ጠይቁ፤ ካልፈቀደ እያየ አጥፉት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ነገሩ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ሆኗል።

የዲቪ (የአሜሪካ ቪዛ ዕጣ) ምዝገባ በሚከፈትበት ሰሞን ለባለጉዳዩ ኢሜይል ትከፍቱለታላችሁ፣ ቅጹንም ትሞሉለታላችሁ። የይለፍ ቃሉንና የማረጋገጫ ቁጥሩን በወረቀት አትማችሁ በእጁ ስጡት፣ በስልኩም ፎቶ እንዲያነሣው አድርጉ፤ ኢሜይሉም በእሱ ስልክ ቁጥር ይከፈት። ቁጥሩን አፍኖ ይዞ፣ ዕጣው የወጣለት ቀን ድርሻ የሚጠይቅ ቤት እንዳለ ሁላችሁም ሰምታችኋል። እንዲህ ያለውን ሰው ነጋዴ ብዬ አልጠራውም።

“እስኪ ይህቺን ቀን ለውጥልኝ”፣ “ማኅተሟን ስካን አድርገህ እዚህ አምጣት” የሚል ሰው ደግሞ በከፈታችሁ በወሩ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ የሚመጣውም የምታውቁት ሰው፣ የሰፈር ልጅ ወይም ዘመድ ነው፤ የሚከፍለውም ከመደበኛው ዋጋ እጅግ የበለጠ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀትንም፣ እውነተኛውን መለወጥንም ያስቀጣል፤ ሲያዝ ደግሞ አስለዋጩ “እነሱ ናቸው የሠሩት” ከማለት ወደ ኋላ አይልም። እምቢታችሁን ከመጀመሪያው ቀን በአጭሩ ተናገሩ፤ አንድ ጊዜ እሺ ያለ ቤት ስሙ በሰፈሩ ይዞራል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውም ደንበኛ የዚያው ዓይነት ይሆናል።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። የአንድ ገጽ ኮፒ ዋጋ የምታወጡት ጎረቤት ስንት እንደሚያስከፍል አይታችሁ ከሆነ፣ እያተረፋችሁ ይሁን እየከሰራችሁ አታውቁም። አንድ ደስታ ወረቀት 500 ቅጠል ነው፤ ከዚያ ውስጥ 20 ቅጠል ተጨማድዶ ቢጣል 4 በመቶው ገና ከመነሻው ሄደ ማለት ነው። የቶነሩ (የማሽኑ የዱቄት ቀለም) ካርቶን ላይ የተጻፈው የገጽ ብዛት ደግሞ የሚለካው ከገጹ 5 በመቶ ያህሉ ብቻ በቀለም ሲሸፈን ነው። ፎቶ ያለበት መታወቂያ ወይም ጥቁር ጀርባ ያለው የመጽሐፍ ገጽ ስታባዙ ያ ቶነር ከተጻፈለት ብዛት እጅግ ቀድሞ ያልቃል። ኪራዩን፣ መብራቱን፣ የጠጋኙን ክፍያና የራሳችሁን ድካም በዚህ ላይ ደምሩ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ እንዳይቃጠል ስታቢላይዘር የምትገዙበት ገንዘብ ከመነሻ ካፒታሉ ይመደብ፤ ኋላ እንገዛዋለን ያሉት የቦርድ ዋጋ ከፍለዋል።

የቀን ሽያጭ ትርፍ አይደለም። ከመሳቢያው ለምሳና ለታክሲ እየተነሣ የሚወጣው ሳይመዘገብ ሲቀር፣ በወሩ መጨረሻ ወረቀት መግዣ ይጠፋል። ለራሳችሁ ደመወዝ ቁረጡ፣ ትንሽም ትሁን፤ ከዚያ በላይ መሳቢያው አይነካ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሳንቲም የመመለስ ጣጣ ቀሎልናል፤ ክፍያውን በግል ስልካችሁ የምትቀበሉ ከሆነ ግን የቤቱ ገንዘብና እናታችሁ የላኩላችሁ ገንዘብ ይደባለቃል፣ ለድርጅቱ ለብቻ ክፈቱ። እቁብ መግባትን እደግፋለሁ፤ ማሽን መግዣ የሚሆን ገንዘብ ባንድ ጊዜ በእጅ የሚያስገባ ከእሱ የተሻለ ነገር በአቅማችሁ አላየሁም። መጠኑ ግን ከተጣራው ገቢያችሁ የሚወጣ ይሁን፤ ከሽያጩ እየተነሣ የሚጣል እቁብ ወረቀትና ቶነሩን ይበላል። ንግድ ፈቃዱን፣ ቲን ቁጥሩንና ደረሰኙን አስቀድማችሁ ጨርሱ፤ ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ በመዝገብ የሠራ ሰው ግብሩን በማስረጃ ይነጋገራል፣ መዝገብ የሌለው ግን በግምት የመጣበትን ይቀበላል።

ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ትልቅ የኅትመት ወይም የጥረዛ ሥራ ማግኘት ሁላችሁም ትመኛላችሁ። ሦስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ተሰብስቦ አነስተኛ ዋጋ ያቀረበው ይወስዳል፤ ስለዚህ ዋጋችሁን ስታወርዱ ገንዘቡ የሚደርሳችሁ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አብራችሁ አስቡ። ሰኔ ላይ በጀት ለመጨረስ የሚጣደፍ ቢሮ ሥራውን አስቸኳይ ነው ብሎ ይሰጣችኋል፤ ክፍያው ሳይወጣ በጀቱ ከተዘጋ ግን እስከ አዲሱ ዓመት በጀት ትመላለሳላችሁ። ወረቀቱን በዱቤ ያመጣችሁለት ነጋዴ ደግሞ በጀት ተዘጋ ቢሉት አይሰማም። አቅማችሁ እስኪጠነክር ድረስ እንዲህ ያለውን ሥራ ከግማሽ ያላነሰ ቅድሚያ ክፍያ ሳትቀበሉ፣ ወይም ቢያንስ የተፈረመ የግዢ ማዘዣ በእጃችሁ ሳይገባ አትጀምሩ።

የራሳችሁን ከመክፈታችሁ በፊት በሰው ቤት ተቀጥራችሁ ብትሠሩ ደስ ይለኛል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ ያንን ጊዜ አሠሪያችሁ እናንተን እንደሚያይ ሁሉ እናንተም የሥራውን ወቅት፣ የባለጉዳዩን ጠባይና የወጪውን ዓይነት እዩበት። ፊደል ሰሌዳውን ሳታዩ መተየብ ካልቻላችሁ በዚያው ጊዜ ልመዱት፤ ዓይናችሁ ከወረቀቱ ላይ ሲነሣ ነው መስመር የሚዘለለው።

በመጨረሻም ሽርክናን በተመለከተ። ቀኑን ሙሉ የሰው ውል እየጻፉ የራሳቸው ውል የሌላቸው ጓደኛሞች ያጋጥሙኛል፤ “እኛ እኮ ወንድማማቾች ነን” ይላሉ። አንዱ ኮምፒዩተሩን፣ ሌላው ገንዘቡን፣ ሦስተኛው አጎቱ ያከራዩትን ክፍል ይዞ ይገባል። ከዚያ አንዱ ቪዛ ይመታለታል፣ ወይም ያገባል፣ ወይም የመንግሥት ሥራ ያገኛል፤ ማሽኑ የማን እንደሆነም ያን ጊዜ መጠየቅ ይጀመራል። ገና ስትስማሙ፣ ፍቅራችሁ ሳይጎድል፣ ማን ምን ያህል እንዳዋጣ፣ ዕቃ ሆኖ የገባው በስንት ብር እንደተገመተ፣ መሳቢያውን ማን እንደሚይዝና ሂሳቡ በየስንት ጊዜው እንደሚታይ ጻፉ። የሚወጣ ሰው ድርሻውን በምን ግምትና በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚወስድ፣ ክፍሉን ያመጣው ሰው ሲወጣ የኪራይ ውሉ በማን ስም እንደሚቀጥልም ይግባበት። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ለባለጉዳይ እንደምታደርጉት ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ሦስታችሁም ባላችሁበት አንብቡትና፣ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ አስመዝግቡት።