200 ብሩ ረከቦቱ ላይ

«ደሴ ሙጋድ ነው የምኖረው። መምህርት ነኝ። ባለቤቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ በየቀኑ ይመላለሳል። ከሁለት ዓመት በፊት ባጃጅ ገዛን። የእናቴን አምባር ሸጥን። እሱ ዕቁብ ቀድሞ በላ፣ ከታላቅ ወንድሜ ‹ሲመቻችሁ› ብሎን ተበደርን፣ ቀሪውን ለሻጩ ቀስ እያልን ልንከፍል ተስማማን። በሰባተኛው ወር ሹፌሩ ገለበጠው። ሰው ተረፈ፣ ባጃጁ ግን ከጥቅም ውጪ ሆነ። 148,000 ብር ዕዳ ታቅፈን ቀረን። መክፈል ከጀመርን 14 ወር ሆነን፤ አሁን 79,000 ደርሷል። ደሞዙን ሙሉውን ለእኔ ያስረክባል። እኔ ጠዋት ጠዋት ለትራንስፖርትና ለምሳ 200 ብር ረከቦቱ ላይ አስቀምጥለታለሁ። ሲያነሳው አያየኝም። ለአረፋ ወንድሜ ቤት አልሄድንም። የ9 ዓመት ልጃችን ጫማው ተቀዶ ሳይነግረኝ ሁለት ሳምንት በፕላስተር አጣብቆ ሄደ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ባለቤቴ ከሥራ ባልደረባው 1,000 ብር መበደሩን ስልኩ ላይ አየሁ። ለለቅሶ ነው አለኝ። ‹ሌባ› አልኩት። ልጁ ይሰማ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ሒሳቡ። በ14 ወር 69,000 ብር ከፍላችኋል። በወር ወደ 5,000 ብር ማለት ነው። ይህን ያደረጋችሁት ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዘይቱም ሳሙናውም በየጊዜው እየጨመረ ባለበት ወቅት ነው። እሱ ደሞዙን ሳያጎድል አስረክቧል። አንቺ ሳታባክኚ ይዘሻል። ይህን አንዳችሁ ለሌላችሁ ተናግራችሁ ታውቃላችሁ? ከደብዳቤሽ ስረዳ የተናገራችሁ አይመስለኝም።

እኔን ቆም ያደረገኝ ግን ሌላ መስመር ነው። «የእናቴን አምባር ሸጥን» ትዪና ታልፊያለሽ። ሦስት ቃል ብቻ። ስለ ዕቁቡ ነግረሽኛል፣ ስለ ሻጩ ነግረሽኛል፣ ስለ ሹፌሩም ነግረሽኛል። ስለ አምባሩ ግን አንድ ቃል አልጨመርሽም። ወላጅ ለልጅ የሚሰጠው ወርቅ ዕቃ ብቻ እንዳልሆነ ወሎ ውስጥ ላደገ ሰው አይነገረውም። እናት ከእጇ አውልቃ ነው የምትሰጠው። አንቺ እሱን አውጥተሽ ለባልሽ ሐሳብ ሰጠሽ። ሐሳቡ በሰባት ወር መንገድ ላይ ተገለበጠ። ያ አምባር አልተለቀሰለትም።

ያልተለቀሰ ነገር በሌላ በር ይወጣል። የአንቺ በ200 ብሩ በኩል እየወጣ ይመስለኛል። ቤታችሁ ውስጥ ሁለት ሒሳብ ተቀላቅሏል። አንዱ የ79,000 ብሩ ነው። ሌላው የአምባሩ ነው። የመጀመሪያው በብር ይከፈላል። ሁለተኛው ባልሽ ዓመት ሙሉ ምሳ ቢተውም አይከፈልም። እሱም ሳይገባው አይቀርም፤ ለዚህ ነው ብሩን ሲያነሳ የማያይሽ።

ስለዚህ ስለ አምባሩ ንገሪው። ደሞዝ በወጣበት ቀን አይሁን፣ ስለ 1,000 ብሩ በተጨቃጨቃችሁበት ማታም አይሁን። ልጁ ከተኛ በኋላ ቡና አፍይና በቀስታ ንገሪው። «ስንሸጠው እኔም ፈቅጄ ነበር። አሁን ግን ያመኛል። አንድ ቀን እንኳ ስላላነሳኸው የበለጠ ያመኛል።» ይህ ይበቃል። መልስ ካጣ ዝም ይበል። ወንዶቻችን ጥፋተኝነት ሲሰማቸው ዝም ማለት ይቀናቸዋል፤ ዝምታውን ንቀት አድርገሽ አትውሰጂው። ጥቂት ቀን ጠብቂው።

አሁን ወደ 1,000 ብሩ ልምጣ። መደበቁ ስህተት ነው፤ ይህን እሱም ሊሰማው ይገባል። ግን ነገሩን በእሱ ቦታ ሆነሽ ተመልከቺው። ሥራ ቦታ ላይ አንዱ ወረቀት ይዞ ይዞራል። ስም፣ የብር መጠን፣ ፊርማ። ከእሱ በላይ ያሉት ሁሉ 1,000፣ 1,000 ጽፈዋል። እስክሪብቶው እጁ ገባ። ኪሱ ውስጥ ከምሳ የተረፈች 60 ወይም 70 ብር አለች። «ነገ እጽፋለሁ» ቢል ሁሉም ይገባዋል። አንቺ ጋ ደውሎ ቢጠይቅ መልሱን ያውቀዋል። ሁለቱም አሳፈሩትና ሦስተኛውን መረጠ።

እኛ አገር ለቅሶ ትርፍ ወጪ አይደለም። ቅሬ (የወሎ ዕድር) ያለው ሰው ነገ የእሱ ቤት ሲጎድል ማን እንደሚቆምለት ያውቃል። ሰው ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚቆርጠው ይህንን ነው፤ ከሰው ሲርቅ ደግሞ ጭንቀቱ ይብሳል። ብር በሌለበት ወር በጉልበት መድረስም አለ። ድንኳን መትከል፣ ከሐዘንተኛ ጋር ማደር፣ ለአንቺ ደግሞ እንጀራ ጋግሮ መሄድ። ማንም አይንቃችሁም።

ችግር አእምሮን እንዴት እንደሚይዝ የሚያሳይ አንድ ጥናት ልንገርሽ። ውጤቱ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። ተመራማሪዎች ሕንድ፣ ታሚል ናዱ ውስጥ ሸንኮራ አገዳ የሚያመርቱ 464 አርሶ አደሮችን ፈተኑ። አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ፤ ምርት ከመሰብሰቡ በፊት እጁ ባጠረበት ጊዜ፣ ከሰበሰበ በኋላ ደግሞ ብር በእጁ በገባ ጊዜ። ያው ሰውዬ፣ ያው ጭንቅላት፣ እጁ ባጠረበት ጊዜ የማሰብ ፈተናውን በደንብ አልሠራም። የገንዘብ ሐሳብ ቦታውን ይዞበት ነበር። ይህን የምነግርሽ አንቺ «ሌባ» ያልሽው ክፉ ስለሆንሽ እንዳልሆነ እንድታውቂ ነው። እሱም የደበቀው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ሁለታችሁም 14 ወር በጠበበ ጭንቅላት ኖራችኋል።

ስለዚህ ትንሽ መፈናፈኛ ያስፈልጋችኋል። እኔ ብሆን ከ5,000 ብሩ ላይ 1,000 አነሳለሁ። 250 ለእሱ፣ 250 ለአንቺ፣ 500 ለለቅሶና ለደስታ። 250ውን ማንም ለማንም አይጠይቅም። ቡና ይጠጣበት፣ ጫማ ያስጠርግበት፣ አንቺም የፈለግሽውን ግዢበት። የ500ው ግን የጋራ ነው፤ ወረቀቱ ሲዞር ኪሱ ባዶ እንዳይሆን። በ5,000 ብር ብትቀጥሉ ዕዳው በ16 ወር ገደማ ያልቃል። በ4,000 ብር 20 ወር ይፈጃል። አራት ወር ትዘገያላችሁ። አራት ወር በዛ ትዪኝ ይሆናል። የለቅሶው 1,000 ብር ግን አዲስ ዕዳ እኮ ነው። ዝርዝራችሁ ውስጥ አልገባም እንጂ ተበድራችኋል። በጣም የጠበቀ ገመድ እንዲህ በጎን ይበጠሳል።

ሌላው፣ ሒሳቡን ብቻሽን አትያዢው። ደክሞሻል። ደሞዝ በወጣ ማታ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ፣ ወረቀቱን እሱ ይጻፍ። ሽፍቱ በሚፈቅድበት ሰኞ ገበያ ወጥቶ እህሉን እሱ ይግዛ። ጤፉን ከማሽላ ስንት በስንት እንደምትቀላቅዪ፣ ሽንኩርቱ ስንት እንደገባ ራሱ ይየው። ያኔ አንቺ ለምን እንደምትቆጥቢ ሳትነግሪው ይገባዋል።

ሦስቱም ዕዳ ወለድ የለውም። የዕቁቡ ቀን የተቆረጠ ነው። ሻጩም ስምምነት አለው። «ሲመቻችሁ» ያላችሁ ወንድምሽ ብቻ ነው፤ ፊቱን የሸሻችሁትም እሱን ነው። የምትሸሹት ብሩን ስላልሰጣችሁት ብቻ አይመስለኝም፤ መቼ እንደምትሰጡት ስላልነገራችሁትም ነው። አብራችሁ ሂዱ። በዓል አትጠብቁ። 1,000 ብርም ቢሆን ይዛችሁ ሂዱና ቀሪው ከየትኛው ወር እንደሚጀምር ንገሩት። ባልሽ ይናገር፣ አንቺ አጠገቡ ተቀመጪ። ወንድምሽ ከብሩ ይልቅ አንቺን ሳይናፍቅ አልቀረም።

ልጅሽን በሚመለከት ትንሽ ጠንከር ልበል። ፕላስተሩ ከ1,000 ብሩ ይልቅ ያሳስበኛል። ልጁ ራሱን ወጪ አድርጎ ማየት ጀምሯል። የዕዳውን መጠን ማወቅ የለበትም። ማወቅ ያለበት ይህን ነው፤ «ብር ተበድረናል፣ እየከፈልን ነው፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ ጫማህ ሲቀደድ መጀመሪያ ለእኛ ነው የምትነግረው።» «አባትህን ሌባ ያልኩት ተሳስቼ ነው» ማለትም አለብሽ። አባቱ ባለበት። ይከብድሻል፣ አውቃለሁ። ግን ቃሉ ልጁ ፊት ስለወጣ ልጁ ፊት ነው የሚመለሰው።

አንድ ነገር ልብ በይ። የምልሽ ሁሉ ባልሽ የደበቀው ይሄን 1,000 ብር ብቻ ከሆነ ነው። ቤቲንግ ወይም በየጊዜው በስልክ የሚወሰድ ብድር ካለ መንገዱ ይለያል፤ ያኔ ሁለታችሁም ባለሙያ ዘንድ በአካል ቅረቡ። ከሁለት አንዳችሁ ሳምንታት ሙሉ እንቅልፍ ካጣም እንደዚሁ፣ ጤና ተቋም ሂዱ።

ስለ አምባሩ ለመናገር አቅም እስክታገኚ ጥቂት ቀን ይወስድብሽ ይሆናል። አትጣደፊ። ዛሬ ማታ ግን የሳምንቱን 1,200 ብር በአንድ ላይ ቁጠሪና በእጁ ስጪው። «እስከ ቅዳሜ ነው» በዪው፣ ሌላ ነገር አትጨምሪ። ረከቦቱ ላይ ስኒዎቹን መልሺ።