ልብ ሲዘል፣ ሲደልቅ፣ ሲሮጥ፦ ከጅማ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄዎቹ ከጅማ ከተማ፣ ከአጋሮ፣ ከሰርቦና ከአካባቢው የመጡ ናቸው። ዞረው ዞረው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «ይህ የሚሰማኝ ነገር ይገድለኛል ወይ?» ስለዚህ በየመልሱ የሚያሰጋውን ከማያሰጋው የሚለየው ምልክት ተጠቅሷል። አስቀድሞ ግን፦ ልቡ ሲዛባ ራሱን የሳተ፣ ደረቱን አጥብቆ የያዘው፣ በተቀመጠበት ትንፋሽ ያጠረው፣ ወይም ፊቱ የተጣመመ፣ አንድ ጎኑ የከዳው፣ አንደበቱ የተሳሰረ ሰው ይህን ማንበብ ትቶ አሁኑኑ ሆስፒታል ይሂድ።

ጥያቄ፦ ሂርማታ ገበያ አካባቢ ሱቅ አለኝ፤ 29 ዓመቴ ነው። ቁጭ ባልኩበት ልቤ ቀጥ ይልና ከዚያ ደረቴን አንዴ ድም ያደርገዋል። በቀን አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ ይሆናል። አንድ ቀን ቀጥ ብሎ ይቀር ይሆን?

ልብህ አልቆመም። የሆነው ይህ ነው፦ ከልብ ክፍሎች አንዱ ተራውን ሳይጠብቅ ቀድሞ ይመታል። የቀደመው ምት ልብ በደም ሳይሞላ ስለሚመጣ ደካማ ነው፤ እጅህ አንጓ ላይ እንኳ ላይደርስ ይችላል። ከእሱ በኋላ ረዘም ያለ ፋታ ይመጣል፤ «ቀጥ አለ» ያልከው እሱን ነው። በፋታው ልብ ከወትሮው የበለጠ ደም ስለሚይዝ ቀጣዩ ምት ይጠነክራል፤ ድም ያለው እሱ ነው። ያስደነገጠህ ምት እንግዲህ ልብ ወደ መደበኛ ሥራው የተመለሰበት ምት ነው።

ልብ በቀን ወደ 100 ሺህ ጊዜ ይመታል። ጤነኛ ሰዎች የ24 ሰዓት መቅረጫ ሲታሰርላቸው አብዛኞቹ ላይ ጥቂት የቀደሙ ምቶች ይገኛሉ፤ ብዙዎቹም አልተሰማቸውም። ብዛቱ ሐኪምን የሚያሳስበው ከቀኑ ምት 10 በመቶ ገደማና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው፤ ያን ያህል በዝቶ ሲቆይ የልብን ጡንቻ ሊያደክም ይችላል። የሚሰማህ ሁሉንም ላይሆን ስለሚችል አንድ ጊዜ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ሥራ በወረቀት ላይ የሚቀርጽ ምርመራ) ተነሣ። በሩጫ ወይም ዳገት ስትወጣ የሚነሣብህ ከሆነ፣ ወይም ከቤተሰብ ከ40 ዓመት በታች ሳለ በድንገት የሞተ ካለ ደግሞ ሳታዘገይ ሂድ፤ ሐኪሙ ሳይጠይቅህ አንተው ንገረው።

ጥያቄ፦ በግራ ጎኔ ስተኛ ይብስብኛል። ልቤ ተጭኖ ነው?

አልተጫነም። በግራ ጎን ሲተኙ ልብ ወደ ደረት ግድግዳ ይጠጋል፤ ዝምታውም ስላለ እያንዳንዱ ምት ይሰማል። በቀኝ ተኛ። እራትህንም ከመኝታ 3 ሰዓት ቀደም አድርገው፤ የተነፋ ሆድ ስሜቱን ያብሰዋል።

ጥያቄ፦ ምቱን ራሴ እንዴት ልቁጠር? ስቆጥር ሁልጊዜ ይምታታብኛል።

ቆጠራው የሚምታታው አብዛኛውን ጊዜ በአውራ ጣት ስለሚዳሰስ ነው። አውራ ጣት የራሱ ትርታ ስላለው ያሳስታል። አምስት ደቂቃ ቁጭ በል። መዳፍህን ወደ ላይ አድርገህ፣ ከአውራ ጣትህ ግርጌ፣ አንጓው ላይ የሌላውን እጅህን ሌባ ጣትና መሐል ጣት ቀስ አድርገህ አሳርፍ፤ አጥብቀህ ከተጫንከው ትርታው ይጠፋል። ከዚያ ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠር። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ለተስተካከለ ምት ይሆናል እንጂ ለተዛባ አይሆንም።

ከቁጥሩ ይልቅ አመታቱን አድምጥ። በእግርህ ወለሉን እየመታህ ብትከተለው ይገባሃል። የተስተካከለ ሆኖ አልፎ አልፎ አንድ የሚዘል ከሆነ ከላይ የተባለው ዓይነት ነው። መጀመሪያም መጨረሻም የሌለው፣ ሁለት ምት እንኳ እኩል የማይራራቅ ከሆነ በዚያው ሳምንት ኢሲጂ ያስፈልገዋል፤ ከ110 በላይ ከፈጠነ በዚያው ቀን። የተስተካከለ ግን በእረፍት ከ150 በላይ የሚሮጥ ሌላ ነገር ነው፤ ከታች መልስ አለው። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ የደከሙትን ምቶች ስለማይቆጥር 40 ቢያሳይህ አትደንግጥ፤ በእጅህ ቁጠር።

ጥያቄ፦ ሐኪሙ «ቡናም ጫትም ተው» አለኝ። ጅማ ተቀምጦ ቡና እንዴት ይተዋል? እውነት ሁለቱም እኩል ይጎዳሉ?

እኩል አይጎዱም፤ «ሁሉንም ተው» ሲባል ሰው ሁሉንም ስለሚይዝ ለይቶ መናገሩ ይሻላል።

ቡና በመጠኑ ሲጠጣ አብዛኛው ሰው ላይ የልብ ምት አያዛባም። አንዳንድ ሰው ላይ ግን የሚዘሉትን ምቶች ያበዛል፤ ከሰዓት በኋላ የሚጠጣው ደግሞ እንቅልፍ ይነሣል፣ እንቅልፍ ማጣት በበኩሉ ልብን ይረብሻል። ራስህን ፈትን። በአንዴ አታቋርጥ፤ ራስ ምታቱ በሁለተኛው ቀን ይበረታና ተስፋ ያስቆርጥሃል። በቀን ስድስት ስኒ የምትጠጣ ከሆነ ሦስት ቀን አራት፣ ሦስት ቀን ሁለት፣ ከዚያ ለሁለት ሳምንት ተወው። ዝላዩ በግልጽ ከቀነሰ ቡናህ ነው። ካልቀነሰ ወደ ቡናህ ተመለስ። ከተመለስክ ቶናውንና በረካውን ጠጥተህ አቦሉን ብታሳልፍ ይሻላል፤ ጠንካራው አቦሉ ነው።

ጫት ግን ሌላ ነው። በውስጡ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ እየደከመ ስለሚሄድ ነው ትኩስ የሚፈለገው። ሰው ሲደነግጥ ሰውነቱ ከሚለቀው አድሬናሊን ጋር የሚመሳሰል ሥራ ይሠራል፦ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል፣ የደም ሥርን ያጠባል። ችግሩ ጫቱ ብቻውን አለመሆኑም ነው። ምሳ ሳይበላ ይቃማል፣ ውኃ ያንሳል፣ ስኳር የበዛበት ለስላሳ ወይም ኢነርጂ መጠጥ ይጨመራል፣ ሲጋራ ይከተላል፤ ማታ መርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይመጣል። አልኮል ለብቻው ጤነኛ ልብን እንኳ ወደ ተዛባ ምት ሊከት ይችላል። ከዚያ እንቅልፍ የለም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ልብህ ሲደልቅ የምታስበው የልብ በሽታ ነው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ የተከማቸውን ግን ማንም አይቆጥረውም።

የደም ግፊት፣ የልብ ቧንቧ ወይም የልብ ምት ሕመም ያለበት ሰው ጫት ጨርሶ አይቃም፤ በዚህ ላይ መለሳለስ አይገባም። ሌላው ሰው ዛሬውኑ መተው ካልቻለ ሰዓቱን ያሳጥር፣ በልቶ ይጀምር፣ ከጎኑ ሁለት ሊትር ውኃ ያስቀምጥ፣ ኢነርጂ መጠጡንና ጨብሲውን ይተው። ስትተው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድብርት፣ ድካምና ዱካክ ይመጣሉ፤ ከዱካኩ ስትነቃ ልብህ መደለቁ የፍርሃት ነው፣ ያልፋል። እየቃመ ደረቱን የጨመደደው ሰው ግን «መርቃና ነው» ብሎ አይቀመጥ።

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ማታ በድንገት ልቤ ይሮጣል፣ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ አየር ያጥረኛል፣ ልሞት ነው እላለሁ። ሦስት ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ሄጄ «ምንም የለብሽም» ተባልኩ። ምንም ከሌለብኝ ይህ ምንድን ነው?

«ምንም የለብሽም» ያሉሽ ልብሽ ደህና ነው ለማለት ነው እንጂ የሚሰማሽ እውነት አይደለም ማለት አይደለም። የነገርሽን ምልክት የድንገተኛ ፍርሃት ጥቃት ይመስላል። አንድ ምት ይዘላል፤ ትደነግጫለሽ፤ አድሬናሊን ይለቀቃል፤ አድሬናሊኑ ልብን ያፈጥናል፣ ሌላ ዝላይም ይጨምራል፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ ያስደነግጣል። በፍርሃቱ ሳታውቂው ትንፋሽሽ ይፈጥናል። ፈጣን ትንፋሽ ከደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ያሳንሳል፤ ጣቶችን የሚያደነዝዘው፣ ከንፈርን የሚነዝረው፣ ራስን የሚያዞረው እሱ ነው። አየር አላነሰሽም፤ በዝቶብሻል። ጥቃቱ በ10 ደቂቃ ገደማ ጣሪያው ላይ ይደርሳል፣ ብዙውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ይበርዳል።

ሲጀምርሽ ተቀመጪ፣ እግርሽን መሬት አስረግጪ። ቀድመሽ ትንፋሽሽን ሙሉ በሙሉ አውጪ፤ ብዙ ሰው በፍርሃት መጀመሪያ አየር ይስባል፣ ያኔ ይብሳል። ከዚያ በአፍንጫሽ እስከ 4 እየቆጠርሽ ሳቢ፣ ከንፈርሽን ሾል አድርገሽ እስከ 6 እየቆጠርሽ አውጪ። አንድ እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርጊ፤ መነሣት ያለበት ሆድሽ ነው እንጂ ደረትሽ አይደለም። ለ5 ደቂቃ ቀጥዪ። ልምምዱን ቀን ደህና ሆነሽ ሳለ ጠዋትና ማታ አድርጊው፤ ያልተለማመዱት ነገር በፍርሃት መሐል አይገኝም።

ከትንፋሹ የበለጠ የሚከብደው ሌላው ነገር ነው፦ ምት መዳሰስን ማቆም። በየሩብ ሰዓቱ አንገቷን የምትዳስስ ሴት አእምሮዋን ልብ እንዲጠብቅ ታስተምረዋለች፤ የተጠበቀ ምት ሁሉ ደግሞ ይሰማል። በቀን አንድ ጊዜ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ 60 ሰከንድ ቁጠሪና ጻፊው፤ ከዚያ ውጭ እጅሽ ወደ አንገትሽ ሲሄድ ሥራ ስጪው። ሌሊት በስልክ ስለ ልብ ማንበብንም ተዪ። በአንድ ወር ካልቀለለሽ የአእምሮ ጤና ክፍል መሄድ ነውር አይደለም፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል አገልግሎቱ አለ። ለዚህ ሕመም የንግግር ሕክምናውም መድኃኒቱም በደንብ ይሠራል።

ጥያቄ፦ የእኔ እንደዚያ አይደለም። እንደ መብራት ማብሪያ ቀጭ ብሎ ይጀምራል፣ 180 ይመታል፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ቀጭ ብሎ ይቆማል። ፍርሃት የሚመጣብኝ ከምቱ በኋላ ነው።

ልዩነቱን ራስህ አገኘኸው። የፍርሃቱ ምት ቀስ እያለ ወጥቶ ቀስ እያለ ይወርዳል። በአንድ ምት የሚጀምርና በአንድ ምት የሚቆም፣ የተስተካከለ ሩጫ ግን ብዙውን ጊዜ በልብ ውስጥ ባለ ትርፍ የኤሌክትሪክ መንገድ የሚዞር ምት ነው። አብዛኛውን ጊዜ አይገድልም፤ ግን መታወቅ አለበት፣ በጭንቀት ስም ለዓመታት የሚታለፍ ሕመም ነውና።

እንዲህ አድርግ። ግማሽ ጋደም ብለህ ተቀመጥ። መርፌ በሌለው 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አፍ በኩል፣ ውስጡ ያለው መግፊያ በመጠኑ እስኪንቀሳቀስ አጥብቀህ ለ15 ሰከንድ ንፋ። ወዲያው በጀርባህ ተዘርጋ፤ ሌላ ሰው ሁለት እግሮችህን 45 ዲግሪ ያህል አንሥቶ ለ15 ሰከንድ ይያዝ። የሚረሳው ይህ ሁለተኛው ክፍል ነው፤ ያለ እሱ የመሳካት ዕድሉ በጣም ያንሳል። አንድ ጊዜ ድገመው። ካልቆመ ወደ ሆስፒታል ሂድ፤ በደም ሥር በሚሰጥ መድኃኒት ይቆማል። ዓይንን መጫን የሚባለውን አታድርግ፣ ዓይን ይጎዳል። ራስህን ካዞረህ ወይም ደረትህን ካመመህ ሲሪንጁንም አትሞክር፣ በቀጥታ ሂድ። እየሮጠ ሳለ የተነሣ አንድ ኢሲጂ ከቆመ በኋላ ከተነሡ አሥር ይበልጣል፤ ስለዚህ ቅርብህ ያለው ጤና ተቋም ኢሲጂ እንዳለው አስቀድመህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ እናቴ 52 ዓመቷ ነው፤ የምንኖረው ሰርቦ ነው። በልጅነቷ ቶንሲል ይደጋገምባት ነበር፤ አሁን የልብ ቫልቭ ጠቧል፣ ምቱም ተዛብቷል ተብላ ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ ጀመረች። ጎመን እንዳትበላ ተባለች፤ በጾም ምን ትብላ?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። በአገራችን በጎልማሳ ዕድሜ የሚታይ የተዛባ ምት በብዛት ከኋላው በቶንሲል የጀመረ የቫልቭ ጉዳት አለው። ቫልቩ ሲጠብ የግራው የላይኛው ክፍል ይለጠጣል፤ መምታት ትቶ ይርገበገባል፤ ደም እዚያ ይቆምና ይረጋል፤ የረጋው ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። ዋርፋሪን የሚከለክለው ይህን ነው፤ ምቱን ራሱን አያስተካክልም፣ ስለዚህ ዝላዩ አልቀረልኝም ብላ እንዳታቆመው።

ጎመን አይከለከልም። መድኃኒቱን የሚቃወመው በጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ ነው፤ የሚጎዳውም መለዋወጡ ነው። በፍስክ ጎመን ሳይነካ ቆይቶ ጾም ሲገባ በየቀኑ ሲበላ መድኃኒቱ ይደክማል፤ ጾም ሲፈታ ደግሞ ይበረታና መድማት ይመጣል። እናትሽ በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ጭልፋ ከበላች ዓመቱን ሙሉ ሁለት ቀን አንድ ጭልፋ ትብላ። የጾም ወራት ሲገባና ሲወጣ የአይኤንአር ምርመራዋን (ደሟ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚለካውን) ቀረብ አድርጉላት፤ በእሷ ሁኔታ ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ነው።

ኮትሪሞክሳዞልና ሜትሮኒዳዞል የሚባሉት የኢንፌክሽን መድኃኒቶች ዋርፋሪንን ያበረታሉ፤ ማስታገሻዎቹ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን የመድማት አደጋ ይጨምራሉ። መድኃኒት ቤት ስትገባ የመጀመሪያ ቃሏ «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» ይሁን። በየ4 ሳምንቱ የሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌ ታዞላት ከሆነ ደህና ሆንኩ ብላ እንዳታቋርጥ። «አዲሱ ደም ማቅጠኛ ምርመራ አያስፈልገውም» የሚል ወሬ ከሰማችሁም ቫልቩ ለጠበበ ሰው እንደማይሆን እወቁ። ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ነስር አልቆም ካለ በዚያው ቀን ትምጣ።

ጥያቄ፦ ገንዘቤ ትንሽ ነው። የትኛውን ምርመራ ላስቀድም?

ኢሲጂ፣ ሄሞግሎቢን (የደም ማነስን የሚያሳየው)፣ የታይሮይድ ምርመራ፣ በዚሁ ቅደም ተከተል። አንገትሽ ላይ እንቅርት ካለ፣ ክብደትሽ ከቀነሰ ወይም እጅሽ ከተንቀጠቀጠ ታይሮይዱን አስቀድሚ። ተቅማጥ ከነበረሽ ወይም ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ከወሰድሽ ፖታሲየም ይጨመር። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) የሚያስፈልገው ሐኪሙ በማዳመጫው ያልተለመደ ድምፅ ከሰማ ወይም ኢሲጂው ከተለወጠ ነው። ኢሲጂ የሚይዘው 10 ሰከንድ ያህል ብቻ ስለሆነ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ቀን፣ ሰዓት፣ ርዝመትና ምን እያደረግሽ እንደነበር ጽፈሽ ሂጂ።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ፕሮፕራኖሎል የሚባለውን የልብ ምት ማዘግያ ሰጠችኝ፣ ተሻለኝ። ልቀጥል?

በራስሽ አትቀጥዪ። አስም ላለበት ሰው ትንፋሽ ይዘጋል፤ ስኳር በመርፌ የሚታከም ሰው ስኳሩ ሲወርድ የሚያስጠነቅቀውን የልብ ድለቃ ይደብቅበታል። ለሳምንታት የወሰደ ሰው ደግሞ በአንድ ቀን ካቆመው ልቡ ተመልሶ ይሮጣል። ሐኪም ካዘዘልሽ ጥሩ መድኃኒት ነው።

ጥያቄ፦ ተመርምሬ ልቤ ደህና ነው ተባልኩ። ግን ስፖርት ፈራሁ፤ ደረጃ እንኳ በቀስታ ነው የምወጣው።

ደህና ከተባልክ እንቅስቃሴ መድኃኒትህ ነው። በእረፍት እየዘለለ ስትንቀሳቀስ የሚጠፋ ምት ከሚያጽናኑ ምልክቶች አንዱ ነው፤ ካቆምክ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ተመልሶ ቢመጣም የተለመደ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በሜዳማ መንገድ በቀን 10 ደቂቃ ተራመድ፣ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ጨምር። ፍጥነትህ ማውራት የምትችልበት፣ መዝፈን ግን የማትችልበት ይሁን። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ዳገት ጀምር፤ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደው ዳገት ጥሩ ነው፣ መጀመሪያ ግን ከታችኛው ክፍል ተመለስ። ስትጨርስ ድንገት አትቁም፣ 5 ደቂቃ ዝግ ብለህ ተራመድ። ምትህን መንገድ ላይ አትዳስስ። ዳገቱ ላይ ሳለህ ራስህን ካዞረህ ወይም ደረትህን ከጨመደደህ ግን ቁጭ በል፣ አትቀጥል፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂድ፤ ካልለቀቀህ ወይም ራስህን ከሳትክ አሁኑኑ ሆስፒታል።